ከበረዶው በፊት

በረዶው ጥፋተኛ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከአንድ ሰዓት በላይ ዝም አልኩ።

ነገሩ የሆነው በ1978 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ የሁዳዴ ጾም እኩሌታ ገደማ ነው። ቤታችን ቦሌ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ነበር። አውሮፕላን ሲነሳ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። እናቴ የሺአረግ የጀመረችውን ወሬ አቋርጣ ድምፁ እስኪያልፍ ትጠብቅና ካቆመችበት ቃል ላይ ትቀጥላለች። አንዳንድ ነገር ግን ነበር፣ አውሮፕላን እስኪነሳ ጠብቃ የምትናገረው። ያን ጊዜ ከንፈሯን ብቻ ነው የማየው፤ ከአምስት ቃል ሁለቱን ብሰማ ነው።

ውሻችንና ፍሪጃችን የመጡት ከአንድ ቤት ነው። አባቴ ገረመው አውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ፈረንጅ ባለሙያ አገር ለቅቆ ሲሄድ ሊጭናቸው ያልቻላቸውን ሁለት ነገሮች ለአባቴ ሰጠው፤ በሩ የዛገ ፍሪጅና አንድ ውሻ። የውሻው ስም በነሱ ቋንቋ ሻለቃ ማለት ነው ብሎ አባቴ ተረጎመልን፤ እኛም ሻለቃ አልነው። በሁለተኛው ቀን እናቴ አስቆመችን።

«ደጃፍ ቆመህ ‹ሻለቃ፣ ና ፍርፋሪ ብላ› እያልክ ልትጣራ ነው?» አለችው አባቴን።

አባቴ ትንሽ አሰበ። ከዚያ በኋላ ሻሾ ሆነ።

ሻሾ ትልቅ ነበር። ጠጉሩ እንደ ሙክት በግ የወፈረ ስለሆነ ፀሐይ ሲበረታ ጉድጓድ ቆፍሮ ይተኛል። ፈረንጁ ቀኑ ሲሞቅ ውሃ መጠጫው ውስጥ በረዶ ይጥልለት እንደነበርና ሻሾም እንደ ቆሎ ይቆረጥመው እንደነበር አባቴ ነግሮናል። እናቴ ይህን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች። በቤታችን ስለ ብርድ የወጣ ሕግ ነበረ። ላብሽ ሳይደርቅ ውሃ አትጠጪም። ከእንቅልፍ ተነስተሽ ነፋስ ላይ አትወጪም። በረዶ ከፍሪጁ የሚወጣው ዕቃ ሲያነሳ ለሚያብጠው የአባቴ ጉልበት ብቻ ነው፤ እሱም በጨርቅ ተጠቅልሎ። ሆድ የሚገባ ነገር አልነበረም።

መንደራችን ጫፍ ላይ፣ ቦዩ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ አቶ ዘርአይ የሚባሉ ሰው ይኖሩ ነበር። ውሻ ገዳይ ናቸው ብዬ አምን ነበር። ማስረጃም ነበረኝ። የሞተ ውሻ በጆንያ አድርገው በጓንት ይዘው ሲሄዱ በዓይኔ አይቻለሁ። ቦርሳቸው ውስጥ እንደ እስክሪብቶ የወፈረ መርፌ እንዳለ የሰፈር ልጆች ነግረውኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቴ ትፈራቸዋለች። «በዚያ በር በኩል እንዳታልፊ» ትለኛለች፣ ምክንያቱን ሳትነግረኝ። አንድ እሁድ አውሮፕላን ሲነሳ ለአባቴ ስትነግረው የያዝኩት ይህን ብቻ ነው፤ «አሥራ አንድ ወር... ወንድሙ ጫካ ገብቷል... ከሱ ጋር የታየ ሰው ይጠየቃል።»

እንደ ገባኝ ከሆነ፣ ወንድሙ ጫካ ገብቶ አውሬ ይገድላል፣ እሱ ደግሞ ከተማ ተቀምጦ ውሻ። መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈራ ማንም አላስረዳኝም። ማስረዳትም አያስፈልገኝም ነበር፤ እኔም ክፍል ውስጥ አስተማሪ ሲጠይቀኝ እንቀጠቀጣለሁ።

አቶ ዘርአይ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። በጆንያ የወሰዱት አብዶ የሞተ ውሻ ነው፤ ልጆች እንዳይነኩት ርቀው ሊቀብሩት ነበር። አሥራ አንዱን ወር የታሰሩት በወንድማቸው ምክንያት ነው፤ ከወጡ ገና ሦስት ወራቸው ነበር። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

አባቴ ቮልስ ነበረችው። መለዋወጫ ጠፍቶ ጎማዎቿ ወልቀው፣ ግቢያችን መሐል አራት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እኔና ሻሾ ግን በሷ ናዝሬት ደርሰን እንመለስ ነበር። እኔ መሪ እይዛለሁ፤ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ ምላሱን አውጥቶ መንገዱን ያያል። ከሰው ጋር መጫወት ይከብደኝ ስለነበር የማወራው ሁሉ እዚያች መኪና ውስጥ አልቋል ማለት ይቻላል።

ያን ቅዳሜ ደብረ ዘይትን ስናልፍ እናቴ ከቤት ውስጥ ጠራችኝ።

«ዘርፌ፣ ቀበሌ ሱቅ ስኳር መጥቷል አሉ። ሮጠሽ ወረፋ ያዢልኝ፤ ልብሱን አስጥቼ እመጣለሁ።»

ሻሾ ሁልጊዜ ይከተለኛል። ባለፈው ወረፋ ተከትሎኝ መጥቶ ሴቶቹን በታትኖ፣ የሰው ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ሲያርፍ መሬት ብትውጠኝ ወድጄ ነበር። ስለዚህ የመኪናዋን መስኮት እስከ ላይ ዘጋሁት፣ በሩንም ገጠምኩት። በመስታወቱ ውስጥ እያየኝ ነበር።

«መጣሁ» አልኩት።

ከፊቴ ሠላሳ ሰው ያህል ነበር። ፀሐይዋ ከትከሻ ወደ አናት ወጣች። እናቴ ዘግይታ መጥታ ተራዬን ስትይዝ ወደ ቤት መሄድ እችል ነበር። ሱቁ ጀርባ ግን ልጆች ገመድ ይዘላሉ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ ነይ ዝለዪ እስኪሉኝ ነው። አላሉኝም። እንዲሁ ቆሜ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስል ሻሾን ረሳሁት። ረሳሁት የሚለውን ቃል ዛሬም ስጽፈው ይከብደኛል።

ያስታወስኩት የግቢያችንን በር ስከፍት ነው። የመኪናዋ መስታወት ከውስጥ በትንፋሽና በለሃጭ ደብዝዟል። በሩን ስከፍተው የወጣው ሙቀት ፊቴን መታኝ። ሻሾ ወንበሩ ላይ አልነበረም፤ ወለሉ ላይ ወርዶ ተጋድሟል። ጎትቼ አወጣሁት። ቆመ፣ እንደ ሰከረ ሰው ሁለት እርምጃ ሄደ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ምላሱ እንደ ቀይ ሥር ሆኗል።

ወደ ፍሪጁ ሮጥኩ። የበረዶውን ዕቃ ነቅዬ ድንጋይ ላይ መታሁት፤ ግማሹ መሬት ላይ ተበተነ፣ ግማሹን ከውሃ ጋር መጠጫው ውስጥ ከተትኩት። ሻሾ አንገቱን ቀና አድርጎ መጀመሪያ በረዶውን ላሰ። ዓይኑ ተከፈተ። ከዚያ ውሃውን ትንፋሽ ሳይወስድ ጨለጠው። ወዲያው መልሶ አስወጣውና ራሱን መሬት ላይ ጣለ።

«ምነው ልጄ፣ ምን አበላሽው?» አለኝ ከአጥሩ በላይ አንድ ድምፅ።

እትዬ ተናኜ ናቸው፣ ጎረቤታችን። የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ውስጥ ናቸው፤ ከአጥራቸው በላይ የማያዩት ነገር አልነበረም። እኔ እጄን አየሁ። እጄ ላይ በረዶ፣ እግሬ ሥር በረዶ።

«በረዶ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። ግን ያን አንድ ቃል ሳወጣ ሌላውን ሁሉ ዋጥኩት።

«በረዶ! በዚህ ፀሐይ ላይ! በይ አንጀቱን ብርድ መትቶታል።»

እናቴ ስኳሯን ይዛ ስትገባ እትዬ ተናኜ ግቢያችን ውስጥ ነበሩ፤ ምርመራውን ጨርሰው ሕክምናው ላይ ደርሰዋል። «አሮጌ ጋቢ አምጪ፣ የሺአረግ። ማድ ቤት እናስገባው፣ ፍሙ ዳር። ላብ ካወጣው ይተርፋል።» ተልባ በሙቅ ውሃ በጥብጠው በማንኪያ ጉንጩ ውስጥ አንቆረቆሩለት። እናቴ ጋቢውን ጠቀለለችበት። እኔ ከአልጋዬ ላይ ብርድ ልብሴን ገፍፌ አምጥቼ ከላይ ደረብኩለት። ውሻ እንደ ሰው እንደማያልበው በዚያ ግቢ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም። ሁላችንም በፍቅር ነበር የምናቃጥለው።

«ስንቴ ነግሬሻለሁ?» አለችኝ እናቴ።

ስለ በረዶ ብዙ ጊዜ ነግራኛለች። በዚህ ጥፋት መገሰጽ ቀለለኝ። እትዬ ተናኜ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሄጄ የቮልሷን መስኮቶች ሁሉ ከፈትኩ፤ መስታወቱንም በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩት።

አባቴ ሰባት ሰዓት ላይ ከሥራ ገባ። ማድ ቤት ገብቶ ሻሾን አየና ኮቱን ሳያወልቅ ተንበረከከ።

«ዘርአይን ልጥራው» አለ።

«ድምፅህን ቀንስ።»

«እየሞተ እኮ ነው፣ የሺ።»

«እሱ ውሻ ነው። አንተ የልጅ አባት ነህ። ሰውዬው ከደጃችን ሲገባ ታይቶ ሰኞ ብትጠየቅ ምን ልትል ነው?»

«ውሻዬ ታሞ ነው እላለሁ።»

«ውሻዬ ታሞ» ብላ ደገመችው። ስትደግመው ልክ የልጅ መልስ ይመስል ነበር።

ደስ አለኝ። እናቴ ገዳዩን አላስገባም አለች ማለት ነው። ያኔ አውሮፕላን ተነሳ። ሁለቱም እየተያዩ ተናገሩ፤ አንድም ቃል አልሰማሁም። ድምፁ ሲያልፍ እናቴ ወደ ሻሾ ዞራ፣ ከላይ የተደረበውን የኔን ብርድ ልብስ ረጅም ጊዜ አየችው።

«በጓሮ በኩል አምጣው» አለች።

በጓሮ በኩል የሚገባ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አውቃለሁ። ሻሾ እንዳይሠቃይ ሊገላግሉት ተስማምተዋል አልኩ በልቤ። አንገቱን አቀፍኩት። እንደ ምድጃ ይፋጅ ነበር።

አቶ ዘርአይ ከአባቴ ኋላ በጓሮው የቅንጭብ አጥር መሐል ሾልከው ገቡ። አጭር፣ ጠጉራቸው ከዕድሜያቸው በፊት የሸበተ፣ ትንሽ ቦርሳ የያዙ ሰው። ሰላምታ እንኳን ሳይሰጡ ጋቢውንም ብርድ ልብሱንም ገፈው ጣሉ።

«ከዚህ እናውጣው፤ ጥላ ሥር።»

ከአባቴ ጋር ተሸክመው ኮክ ዛፉ ሥር አስተኙት። ድዱን ተጭነው አዩ፣ ጆሮአቸውን ደረቱ ላይ አስጠጉ፣ ከዚያ ሆዱን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። ሆዱ ተነፍቷል።

«የሙቀት መለኪያ የለኝም» አሉ ለአባቴ፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ። «ወስደውብኛል። እሳት ዳር ተሸፍኖ ስለቆየ ደግሞ ትኩሳቱ የራሱ ይሁን የጋቢው በእጅ መለየት አልችልም። አጀማመሩ እንዴት ነበር?»

የሐኪምነት ዕቃቸውን ሲያስሯቸው ወስደውባቸው አልመለሱላቸውም። እኔ ግን ያኔ፣ ውሻ እንዳይገድሉበት ነው የነጠቋቸው አልኩ።

እናቴ መለሰች። «ይቺ ልጅ በረዶ አብልታው ነው። ደህና ነበር። የበረዶውን ውሃ እንደጠጣ አስመለሰውና ወደቀ።»

«ደህና ነበር? ከመጠጣቱ በፊት ምንም አልሆነም?»

«ምንም።»

አቶ ዘርአይ ቦርሳቸውን ከፈቱ። መርፌው ልጆቹ እንዳሉት ነው፤ እንደ እስክሪብቶ ይወፍራል።

«ትልቅ ውሻ ነው፣ ደረቱም ጥልቅ ነው» አሉ አባቴን። «ብዙ ውሃ በአንዴ ጨልጦ ወዲያው ከወደቀ፣ ጨጓራው ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ከሆነ አየሩን ወግቼ ማውጣት አለብኝ፣ ጊዜ የለንም። ካልሆነ ግን እንዲህ ደክሞ ሳለ መውጋቱ ራሱ ይገድለዋል። እንግዲህ በነገራችሁኝ ነው የምሄደው።»

ሻሾን በአንድ እጃቸው ይዘው ጎኑ ላይ ቦታ መፈለግ ጀመሩ። እኔ ማን ምን እንደሆነ ግራ ገባኝ። ገዳይ ስለ መግደል እንዲህ አይጨነቅም።

«በፊት ነው» አልኩ።

ማንም አልሰማኝም። ድምፄ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሄጄ እጅጌያቸውን ያዝኩ።

«ከበረዶው በፊት ነው የወደቀው።»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አቶ ዘርአይ መርፌውን ሳያስቀምጡ ቁጢጥ ብለው ዓይናቸውን ከዓይኔ አስተካከሉ።

«ከበረዶው በፊት የት ነበር፣ ጓለይ?» አሉ፤ በትግርኛ ‹ልጄ› ማለታቸው ነው።

«መኪና ውስጥ።»

«መስኮቱስ?»

«ዘግቼው።» ከዚያ እንባዬ መጣ። «ሊከተለኝ ስለሆነ ነው። በረዶውን የሰጠሁት ከወደቀ በኋላ ነው።»

«ስንት ያህል ቆየ?»

«ስኳሩ እስኪደርስ። ገመዱንም... ገመዱንም ሲዘሉ አይቼ።»

እናቴን ማየት አልቻልኩም። አቶ ዘርአይ ግን ረጅም ትንፋሽ አወጡና መርፌውን ወደ ቦርሳው መለሱት።

«ሙቀት ነው» አሉ። «አቶ ገረመው፣ ከበርሜሉ ውሃ ይቅዱ፤ ብዙ። ሆዱ ላይ፣ ብብቱ ላይ፣ መዳፉ ላይ ያፍስሱ። ወይዘሮ የሺአረግ፣ የቀረ በረዶ አለ?»

«ደግሞ በረዶ?» አለች እናቴ።

«በረዶው አልጣለውም። እስካሁን ካቆዩት ነገሮች አንዱ ሳይሆን አይቀርም። ያስመለሰው ትንፋሽ አጥቶ ስለጨለጠው ነው።» ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ሰፌድ አምጪና አራግቢለት። እስክልሽ እንዳታቆሚ።»

አራገብኩ። አባቴ ውሃ አፈሰሰ። እናቴ የቀረውን በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ በድንጋይ ቀጠቀጠችውና ለአቶ ዘርአይ ሰጠች። እሳቸው አንድ አንድ ስባሪ እያነሱ ድዱ ላይ አሻሹለት፤ መጠጫውን ግን አርቀው አስቀመጡት። ትንሽ በትንሽ፣ ሲነቃ፣ ራሱ ሲልስ ነው የሚሰጠው አሉ። እጄ ዝሎ ሰፌዱን መያዝ ሲያቅተኝ እናቴ ከኋላዬ መጥታ እጇን በእጄ ላይ ደረበችና አብረን አራገብን። የእጇ መጠንከር ቁጣ መስሎኝ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ይህን ነገር ፈለግሁት። ጤነኛ ውሻ በረዶ ቢቆረጥም የሚያገኘው ጉዳት የለም፤ ጥርሱን እንዳይሰብር ብቻ ትንንሽ ቢሆን ይመረጣል። ሙቀት የመታውን ውሻ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈሱበታል፣ ያራግቡለታል፣ እንዲልስ ይሰጡታል፤ ፈጽሞ አይሸፍኑትም። ገጹን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በዚያች ኮክ ሥር ያልተደረገ ነገር አልተጻፈበትም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ሻሾ አንድ ስባሪ በረዶ ከአቶ ዘርአይ መዳፍ ላይ በራሱ ምላስ ወሰደ። ቆረጠመው። ድምፁን ሁላችንም ሰማን። አባቴ ሳቀና ፊቱን በእርጥብ እጁ ጠረገ።

ያኔ ነው እትዬ ተናኜ በአጥሩ ላይ ብቅ ያሉት።

«እንዴት ሆነላችሁ ው...» ብለው ቆሙ። አቶ ዘርአይን አይተዋቸዋል።

ሁሉም ነገር ቆመ። አባቴ ባልዲውን እንደያዘ ቀረ። አቶ ዘርአይ ቀስ ብለው ተነሱና ቦርሳቸውን አንስተው ወደ ቅንጭቡ፣ በመጡበት በኩል፣ አንድ እርምጃ ሄዱ። አውሮፕላን እንኳን አልነበረም።

«ዶክተር» አለች እናቴ።

ጮክ ብላ ነው። እናቴ እንዲህ ጮክ ብላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም፤ ሁለት ቤት አልፎ ይሰማል። ሰውዬው ጆሮአቸው አይሰማም እንዴ አልኩ።

«ዶክተር ዘርአይ፣ ወዴት ነው የሚሄዱት? በሩ በዚህ በኩል ነው። ደግሞ እጅዎን ታጥበው ምሳ ሳይቀምሱ አይወጡም።» ወደ አጥሩ ዞረች። «እትዬ ተናኜ፣ ዶክተር ዘርአይ ናቸው። ውሻችንን ያዳኑልን። ሙቀት ነው የመታው፤ ልጅቷ ራሷ ነገረቻቸው።»

ልጅቷ ራሷ ስትል እጇ ትከሻዬ ላይ ነበር። በሙሉ ክብደቷ ተደገፈችኝ፤ ሰፌዱ አድክሟት ነው አልኩ። ቀደም ብሎ አንድ የፈራች ልጅ ስትናገር ሰምታ እንደነበረ፣ ከዚያም ተራው የሷ እንደሆነ እንዳወቀች፣ ያኔ ማን ይንገረኝ።

እትዬ ተናኜ ውሻውን አዩ። አቶ ዘርአይን አዩ፣ ከዚያ እናቴን፣ እናቴንም ረጅም ጊዜ። መቀነታቸውን አጠበቁ።

«ዶክተር» አሉ በመጨረሻ። «ዶሮም ያክማሉ?»

«ዶሮም አክማለሁ» አሉ አቶ ዘርአይ።

«ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሰኞ ቢመጡልኝ። በዋናው በር ነው እንግዲህ፣ ሰው እያየ።»

«እመጣለሁ፣ እትዬ።»

አባቴ ባልዲውን አስቀመጠ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሦስቱም አዋቂዎች ስለ ሁለት የታመሙ ዶሮዎች እንደዚያ ዓይናቸው እንባ ሲያቀር ሳይ በጣም ገረመኝ። ሻሾ ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ መታ። ስለ ዶሮ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።